የሜላት ዓሦችና የበልጉ ውሃ

ሜላት ወልድያ በሄደች ቁጥር የአያቷ የእማማ ዘነበች ልብ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ከልጅቱ ጋር ሚኒባስ ይሳፈራል፣ ግማሹ መርሳ፣ በረንዳው ላይ ካለው የዓሣ በርሜል አጠገብ ይቀራል። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቆሮሶዎች የሜላት የመመረቂያ ጥናት ናቸው። ከሞቱባት የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ።

«እማማ፣ አደራ፣ ይዩልኝ» ብላቸው ሄደች።

ማየቱን አዩ። ያላማራቸው ውሃው ነበር። የጉድጓዳቸው ውሃ ማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል፤ ሳሙና አረፋ አይወጣውም። ይህ ኖራ የነዚህን ምስኪኖች መተንፈሻ ስንጥብ ቢደፍነውስ? የበልጉ ዝናብ ደግሞ ከቆርቆሮው ወርዶ ባልዲዎቹን ሞልቷቸዋል። ለክት ነጠላቸው ማጠቢያ የሚሰስቱለትን ያንን ለስላሳ ውሃ አንስተው፣ የድሮውን ደፍተው፣ በርሜሉን ሞሉት።

በማግስቱ ሜላት ስትመለስ ዓሦቹ ከሥር ተለጥፈው ዝም ብለዋል።

«ሁዳዴን ከእኛ ጋር ይዘው ይሆናላ!» አለ ሽፈራው፣ ከመናኸሪያ በባጃጁ ያመጣት ጎረቤታቸው።

ሜላት አልሳቀችም። «ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋላቸው መንፊያ ተበላሽቶ ነው። አሁኑኑ መናኸሪያ መልሰኝ፣ ወልድያ ሄጄ ሌላ ልፈልግ።»

እማማ ዘነበች ፊታቸው ጋለ። ዝም ቢሉ ልጅቱ መንፊያ ስታሳድድ ዓሦቹ ማለቃቸው ነው።

«ተይው ልጄ፤ መንፊያው ምን በወጣው። እኔ ነኝ። ውሃውን በዝናብ ውሃ ለወጥኩት።»

ሜላት ጭንቅላቷን ያዘች። ቆይታ ግን አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ያ ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው እኮ ካልሲየም ያለበት ነው። ለነሱ ወተታቸው ነው። ስንጥባቸው ላይ ካልሲየሙን ከውሃ እየለቀሙ ወደ ደም የሚያስገቡ ሕዋሳት አሏቸው፤ አጥንታቸው ከዚያ ነው የሚሠራው። ውሃው ባዶ ሲሆን ግን ስንጥቡ ይላላና የገላቸው ጨው ይፈሳል።»

«ወተት ሳይቀምሱ አጥንት?»

«ሳይቀምሱ።»

«እኔን ጉድ ይብላኝ!» ጉልበታቸውን ዳበሱ። ሐኪሙ ለአጥንትዎ ወተት ይጠጡ ቢላቸው በጾም አልነካም ብለው ከሜላት ጋር የተኳረፉት በዚሁ ሰሞን ነው። ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። ጥፍር የምታህል ፍጥረት ከተራ ውሃ አጥንት ትለቅማለች! «አቤት የፈጣሪ ሥራ! እኔ ደግሞ ከአፋቸው ነጠቅኳቸው።»

ሽፈራው የጉድጓድ ውሃ የሞላ ባልዲ አንስቶ ሊደፋ ሲል ሜላት ጮኸች፤ ባንዴ ከተለወጠባቸው ይደነግጣሉ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው አለች።

እማማ ዘነበች ሌላ ሰው አላስነኩም። በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ፤ በኩባያ ያፈሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ያፈሳሉ።

«በዚህ አያያዝዎ እማማ፣ ፋሲካ ይደርስብናል!»

«ይድረሳ! አንተን ማን ያዘህ?»

ፀሐይዋ በረንዳውን ለቃ ስትሄድ አንዷ ክንፏን አርገበገበች። ከዚያ ሌላዋ። ቀስ በቀስ ከሥር ተነስተው መዋኘት ጀመሩ። ሜላት እየሳቀች ግንባሯን ከአያቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

ሽፈራው እንደገና ወደ ባልዲው ሲንጠራራ እማማ ዘነበች እጁን መታ አደረጉት።

«ሰብስብ እጅህን! ዓሦቹ ሥራ ላይ መሆናቸው አይታይህም?»