ብሬከሩ በኑርያ እጅ ነበር

ጉበይራ በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር ውስጥ፣ ከየመናዊው መርዋን የድምፅ ዕቃ መጠገኛ ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል አራት ሰው ይኖር ነበር፤ ከአራቱ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው አንድም የለም። ክፍሏን መጀመሪያ የያዘቻት ኑርያ ናት፤ ከከፊሏ፣ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ የወጣች ጊዜ። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሟ ሙሳ መጣ። ክፍሏን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲያ ደግሞ ሳዲቅና ሚስቱ ሙባረካ ነበሩ፤ ሙባረካ የሰባት ወር እርጉዝ ናት።

ኑርያ ሙሳ ከመጣ ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ብቻ ነው፤ ፖሊስ እጅ እንዳይወድቅባት። አንዴ ተይዞ ወደ አገር ተመልሶ፣ እንደገና በየመን በኩል በባሕር መጥቷል። አብረውት ከተሳፈሩት ግማሹ አልደረሱም። ዳግመኛ ተርሒል፣ ከአገር ማስወጫው እስር ቤት ቢገባ አገር ቤት እንደማይቀመጥ፣ ያንኑ ጀልባ እንደሚሳፈር ታውቃለች። ስለዚህ ከቤት አታስወጣውም። ሳዲቅ የግንባታ ሥራ ፍለጋ ጎህ ሲቀድ ሲወጣ፣ ሙሳን በር ላይ ቆማ ትከለክለዋለች።

«እታለም፣ እስር ቤቱ ከዚህ ሳይሰፋ አይቀርም» ይላት ነበር እየሳቀ።

«ቢሰፋም አትገባበትም» ትለዋለች። እሷ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፤ ክርክር አታውቅም።

ደግነቱ ሙሳ እጀ ብልህ ነው፤ ደሴ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲፈታ ሲገጥም ነው ያደገው። መርዋን ይህን አየለት። ደንበኛው ዕቃውን ለመርዋን ያስረክባል፣ ዕቃው በጓሮ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሙሳ ሠርቶት ይወርዳል። ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም።

ሲሠራ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ክዳን ከመፍታቱ በፊት ስፒናውን ነቅሎ ገመዱን አንገቱ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ስፒናው ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። እሱን በዓይኑ ሳያይ እጁን አያስገባም። ያኔም ቢሆን አይቸኩልም። ስቴሪዮ ተነቅሎም ኤሌክትሪኩ ሆዱ ውስጥ ይቆያል፤ ካፓሲተር የሚሉት ትንሽ ጣሳ የሚመስል ነገር አለ፣ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ሙሳ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አምፖል ነበረው። ሽቦዎቹን በካፓሲተሩ እግሮች ላይ ሲያስነካ አምፖሉ በርቶ ቀስ እያለ ይጠፋል። ከዚያ በቴስተር ያያል። ከዚያ ነው እጁን የሚያስገባው፤ እሱንም ቀኙን ብቻ፣ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልቡ እንዳያልፍ ግራውን ከኋላው አድርጎ። ሳዲቅ፣ እጁን እንዲህ የሚደብቅ ቀለበት የጠፋበት ሙሽራ ብቻ ነው እያለ ያሾፍበታል። ሙሳ ግን ሁሉንም አስጠንቅቋቸዋል፤ ኤሌክትሪክ ከያዘኝ አትንኩኝ፣ መጀመሪያ አጥፉት፣ ቀጥሎ ደረቴን ተጫኑ ብሏቸዋል። አጫጫኑንም በትራስ ላይ አሳይቷቸዋል።

ቤቱም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ማዕዘኑ ላይ የምትቸረችረው ሃፍሳ ፓትሮል ስታይ ለኑርያ ሚስኮል ታደርጋለች። ኑርያ ያን ጊዜ ከበሩ ጎን ያለውን ብሬከር ታወርደዋለች። መንገድ ላይ የቆመ ፖሊስ ቀና ብሎ የትኛው ኤሲ እንደሚያጉረመርም፣ የትኛውስ ውኃ እንደሚያንጠባጥብ ካየ፣ ሰው ያለበትን ክፍል ያውቃላ። ብሬከሩ ሲወርድ ኤሲውም፣ ፍሪጁም፣ መብራቱም አንድ ላይ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከተቀመጠበት አይነሣም። ሃፍሳ ሁለተኛ ሚስኮል ካደረገች አልፈዋል ማለት ነው፤ ኑርያ ብሬከሩን ትመልሰዋለች። አራት ዓመት እንዲህ ተኑሮ ማንም አልተያዘም።

ያን ቀን ቀትር ነበር፤ ውጭው ይነድዳል። ሳዲቅም ሥራ አጥቶ ተመልሷል። ሙሳ ፊት የተቀመጠው ከሙረባዕ ሰፈር የመጣ ከባድ አሮጌ ስቴሪዮ ነው። አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ዝም ይላል። ባለቤቱ ለዓስር፣ ለከሰዓቱ ሰላት እፈልገዋለሁ ብሎ መርዋንን ወጥሮታል፣ መርዋንም ሙሳን። ሙሳ ክዳኑን ሳይገጥም ሰክቶት፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ በጆሮው እያዳመጠ ሳለ የኑርያ ስልክ አንድ ጊዜ ጠርቶ ቆመ።

ብሬከሩን አወረደችው። ክፍሉ ጨለመ፤ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ነው። ሙሳ ብድግ አለ። ስፒናው የተሰካው ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ፣ ከመጋረጃው ሥር ነበር። በእጁ ወደዚያ አመለከተ።

«ቁጭ በል» አለችው በሹክሹክታ።

«እታለም፣ ስፒናውን ብቻ...»

«ቁጭ በል አልኩህ።»

ተቀመጠ። ታላቁ ናት፣ ደግሞ ብሬከሩ በእጇ ነው።

ፖሊሶቹ ቶሎ አላለፉም። ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሙቀቱ ከግድግዳው ይወጣ ጀመር። ሙባረካ ከመጋረጃው ጀርባ ማቃሰት ጀመረች፤ ሳዲቅ በካርቶን ያራግብላታል፣ አፏንም በእጁ ይይዛል። ኑርያ ዓይንዋ እዚያ ነበር። ሙሳ የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ስቴሪዮው ሆድ ሲያጎነብስ በጎን አየችው። ማብሪያው ጀርባ ላይ የላላችውን ሽቦ አግኝቷታል። አምፖሉን አስነክቶ ካፓሲተሩን ባዶ አደረገው፤ ይህን አልረሳም። የዓስርን ሰላት እያሰበ ይሁን፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ሰልችቶት ይሁን፣ ማን ያውቃል። በግራው ብረቱን ደግፎ ቀኙን አስገባ።

የኑርያ ስልክ እንደገና አንድ ጊዜ ጠርቶ ቆመ።

ኑርያ ሙባረካን ነው ያሰበችው፤ አየር ታግኝ ብላ ወዲያው ብሬከሩን ወደ ላይ መለሰችው። ኤሲው ተነሣ። ሙሳ አልጮኸም። ትከሻው ብቻ ወደ ጆሮው ተሰብስቦ ቀረ፣ ስልኩ ከጭኑ ወደቀ። ብሬከሩን መልሳ ስታወርደው በጎኑ ወደቀ። መዳፉ ላይ የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር። ጆሮዋን አፉ ላይ ብታደርግ ትንፋሽ የለም።

በጀርባው አስተኝታ እንዳሳያት ደረቱን ተጫነች። ቆይቶ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ አወጣ፣ ተነፈሰ፣ ከዚያ ትንፋሹ መቆራረጥ ጀመረ። ሳዲቅ ፍሬዘር የሚባል ኢቃማ ያለው ሹፌር ያውቃል፤ ደወለለት። ፍሬዘር ከከተማው ወዲያ ዳር ነኝ፣ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል አለ። ሳዲቅ እንጠብቀው አለ። ሆስፒታል በር ላይ ጥሎልን ይሄዳል፣ ማንም አይጠየቅም አለ።

«ሰዓት የለውም» አለች ኑርያ፣ መጫኗን ሳታቆም። «ፖሊሶቹ ገና መንገዱን አልጨረሱም። እጠራቸዋለሁ።»

«እትዬ ኑርያ፣ የምትሰጪው ራስሽን ብቻ አይደለም። ሚስቴ እስር ቤት ትውለድ?»

«በጣራው ውጡ። ያላ።»

«እንደዚህ ሆና ጣራ ትወጣለች?»

«እኔ እንጃ። ውጡ ብያለሁ።»

ሙባረካ ከሳዲቅ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች፤ በር ላይ ዞር ብላ ሙሳን አየችው። ደረጃው ላይ በአንዱና በሌላው እርምጃዋ መሐል ያለውን ጊዜ ኑርያ በጆሮዋ ትቆጥር ነበር። የጣራው በር እስኪዘጋ ጠበቀች። ይህን መጠበቋን ኋላ ለማንም አልደበቀችም። ሙሳ በዚያ መሐል ሁለት ጊዜ ትንፋሹ ቆሞ ሁለቴም መልሳዋለች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረጅም ነበር።

በሩ ሲዘጋ ካርቶኑን ከመስኮቱ ቀደደችው። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። «ያ ዓስከሪ»፣ አንተ ፖሊስ እያለች ጮኸች፤ ሮጣ ተመልሳ ደረቱን ተጫነች፣ ደግሞ ሄዳ ጮኸች። አራት ዓመት ድምፅዋን ያላሰማችው መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

ሁለት ፖሊሶች ወጡ። ወጣቱ መለዮውን ወርውሮ ተንበረከከና ደረት መጫኑን ከእጇ ተቀበላት። ሌላኛው አምቡላንስ ጠራ፤ ማን ኤሌክትሪኩን እንዳበራ ጠየቃት። እኔ ነኝ አለችው። ሌላ ማን ይኖራል ሲላት እኔና እሱ ብቻ አለች፤ ሰውየው ከመጋረጃው ወዲያ የተዘረጋውን ፍራሽና ትናንሾቹን የሕፃን ልብሶች ዐይቶ መልሶ እሷን ዐያት፣ አልጻፈውም።

አምቡላንሱ ውስጥ ልትገባ ስትል ያዟት። አምቡላንሱ ሙሳን ይዞ ወደ ግራ ሄደ፤ እሷን የጫነው ፓትሮል ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ተርሒል በሚወስደው መንገድ ላይ ወንድሜ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ፖሊስ ሬዲዮውን አንሥቶ ጠየቀላትና «አለ፣ ይተነፍሳል» አላት። ሁለት መብራት አልፈው እንደገና ጠየቀች። ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ፣ ግን ጠየቀላት። አሁንም አለ።

ሦስተኛ ስትጠይቀው ሬዲዮው ብዙ ተናገረ። እሱ አጭር መልስ ሰጥቶ ሬዲዮውን አስቀመጠው። ወጣቱ ፖሊስ የራሱን ውኃ ወደ ኋላ አቀበላት፣ ወደሷ ግን አልዞረም።

«ኢና ሊላሂ» አለ ትልቁ፣ ቀስ ብሎ። ለሞተ ሰው የሚባለውን ቀሪ ቃል እሷ እንድትለው ጠበቀ።

ኑርያ ውኃውን ሳትከፍት ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እንደገና ጠይቅ» አለችው።