አባዬ ያላየው ዝላይ

ሐኪሙ የአባዬ ግራ ዓይን እንደጠፋ፣ ቀኙም ብዙ እንደማይቆይ ሲነግረን አባዬ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን የድሮ የጎራዴ ፊልም እንዳሳየው። ገረመኝ። ሠላሳ ዓመት ሲኒማ ቤቱ ማሽን ክፍል ተቀምጦ ለሕዝብ ያሳየው እሱ ራሱ አይደል እንዴ? የልጆቼን ፊት አይቼ ልጥገብ ይላል ብዬ ስጠብቅ ባለ ላባ ባርኔጣው የፊልሙ ጀግና ናፈቀው።

“በቃልህ ታውቀው የለ? ምኑን ልታይ ነው?” አልኩት።

“ዝላዩን። አይቼው አላውቅም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ በአንድ ጥቅል አያልቅም። አንዱ ሊያልቅ ሲል ከምስሉ የላይኛው ቀኝ ጥግ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ቀጣዩ ጥቅል የተጫነበትን ሁለተኛ ማሽን ማስነሣት ነው፤ ነጥቧ ካመለጠችው አዳራሹ ይጨልምና ፉጨትና ስድብ ይወርድበታል። ጀግናው ከግንቡ ጫፍ ወደ መርከቡ ሸራ የሚዘለው ደግሞ ልክ እዚያች ነጥብ ላይ ነው። ሰዉ ወለሉን ሲደበድብ አባዬ ነጥብ ይጠብቃል። ጭብጨባውን እንጂ ዝላዩን አያውቀውም።

እሁድ ከሰዓት ፊልሙን እንደገና ወደሚያሳይ ሲኒማ ቤት ወሰድኩት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁሉም መጨረሻውን ያውቃል፣ ሁሉም ግን አንገቱን አስግጓል። ያረጀ ፊልም ሰውን ምን እንደሚያደርገው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጀግናው ግንቡ ጫፍ ሲደርስ አባዬ እጄን ጨበጠ። አዳራሹ ተናጋ።

“አየኸው?”

“ዓይኔ ጥጉ ላይ ቀረ” አለኝ። “የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።”

ዛሬ ፊልሙ ከኮምፒውተር ነው የሚታየው፤ ጥቅልም የለ፣ ነጥብም የለ። እየሳቀ እንባው ሲወርድ አንጀቴን በላው። እንዴት እንደዘለለ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ የእሱን ፊት ሳይ አምልጦኛል።

ለሁለተኛው ትርኢት ከመቀመጫችን አልተነሣንም። ግንቡ ሲመጣ መዳፌን ከቅንድቡ በላይ ዘርግቼ ያን ጥግ ጋረድኩበት። እጄን ሊገፋ ቃጣ፤ አልለቀቅኩም። ጀግናው ዘለለ።

“ይቺው ናት እንዴ?” አለ አባዬ። እውነቱን ነው፣ የመርከቡ ሸራ ለግንቡ ቅርብ ነበር፤ እኔም ብዘል አላጣውም። ሰዉ አጨብጭቦ ዝም ካለ፣ የጎራዴው ፍልሚያ እንደገና ከተጀመረ በኋላ ግን አባዬ ብቻውን ማጨብጨብ ጀመረ። ሲያጨበጭብ አይቼው አላውቅም፤ ሁለት እጁ ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ነበር።

“አባቴ፣ እሱማ አለፈ እኮ” አለው ከኋላችን የተቀመጠ ሰው።

“ያለፈው ለእናንተ ነው” አለ አባዬ፣ ሳያቆም።