ዳኛዋ ቤት የሄደው ሽማግሌ

ሔርሜላን በዳዴ ከምትሄድበት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ። አባቷ ወልደሚካኤልና እኔ አሜሪካ፣ ዴንቨር ኤርፖርት ታክሲ ስንነዳ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ጎረቤታሞች ነበርን። ልጅቷ ሕግ ተማረች፤ ኦሮራ ከተማ ለደሃ የሚከራከር የመንግሥት ጠበቃ ሆነች፤ በስቴት ፍርድ ቤት ዳኘች፤ በመጨረሻም የፌዴራል ዳኛ ሆና ተሾመች። "የእኛ ልጅ!" እያልኩ ያላሰለቸሁት ተሳፋሪ የለም።

ስለዚህ የአገራችን ሰው የጽጌ ልጅ ፍሬዘር ሔርሜላ ችሎት ሲቀርብ፣ በቃ ነገሩ አለቀ አልኩ። ልጁ መሣሪያ መግዛት ለማይፈቀድለት ጓደኛው በራሱ ስም ሽጉጥ ገዝቶ ተይዟል። ጥፋቱን አምኗል፤ የቀረው ቅጣቱ ነው። ጽጌ ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። ጠበቃው "ዝም ብላችሁ ጠብቁ" ብሎን ነበር። ዝም? ታዲያ ሽማግሌ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?

ለጽጌ እንኳ ሳልነግር፣ እሁድ ሔርሜላ አባቷ ቤት ምሳ የምትበላበትን ሰዓት ጠብቄ ከጓደኛዬ ከታደሰ ጋር ሄድኩ። መኪናዋን አየሁና ከኋላዋ ፓርክ አደረግኩ። ጋቢያችንን ለብሰናል። በሩን የከፈተችው ራሷ ነች፤ ጎንበስ ብላ ሳመችን።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ ጋሼ ወርቁ።"

"እሺ ካላልሽኝ አልቀመጥም" አልኩ፣ እንደ ወጉ። "ይሄ ፍሬዘር የሚባለው ልጅ..."

እጇን አነሳች። "ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ አይጨርሱት!"

እኔ ደግሞ መቼ ሰምቼ! የእናቱን ብቸኝነት፣ የልጁን የዋህነት፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሔርሜላ ምሳዋን ሳትነካ ቁልፏን አንስታ ወጣች። ወልደሚካኤል "ምን አደረጋችሁኝ!" ብሎ ጮኸብን።

ሰኞ ዕለት "ስለዚህ ጉዳይ ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው አነጋግረውኛል" ብላ በጽሑፍ አሳወቀችና ራሷን ከመዝገቡ አገለለች። ስማችንን አልጠራችም። ጉዳዩ ለሌላ ዳኛ ተሰጠ፤ እሱም ሁለት ዓመት እስር ፈረደ።

ከችሎት ስንወጣ ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። "እሷ እኮ የመጀመሪያ ጥፋቱ የሆነን ልጅ ብዙውን ጊዜ እስር ቤት አትልክም ነበር" አለን።

ጽጌ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች።

"ጋሼ ወርቁ፣ ማን ይሆን ዳኛዋ ቤት የሄደው? ልጄን ከእጇ ያስወጣብኝ፣ እግሩ ይሰበር!"

ታደሰ መሬት መሬት ያያል። ጽጌ መልስ ትጠብቃለች።

"አሜን" አልኳት።