መርዶ ለኤልዶሬት

«አታንሺው» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

የሟች ልጃቸው የንጋቷ ስልክ ፍራሹ ላይ ይንቀጠቀጣል። የምትደውለው ቼቤት ናት፤ ኬንያ፣ ኤልዶሬት ከተማ ነርስነት የምትማር ልጅ። ንጋቷ የተሳፈረችበት መኪና ወደ ሚዛን ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተገለበጠ ጀምሮ መደወሏን አላቆመችም።

«እማዬ፣ አንድ መስመር ልጻፍላትና ይብቃ» አለች እታገኝ፣ የንጋቷ ታናሽ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ትሁን፣ መንገድ ላይ ትሁን በምን ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ማን ሄዶ ያርዳት?» አለች ጎረቤታቸው ሐፍሳ። «የእኛ መኪና እንኳን ኬንያ፣ እዚህ ቅርብ ማሻም በስለት ነው የሚደርሰው።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ንጋቷ ቴፒ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ባለ ዲፕሎማ ነርስ ነበረች። ከቼቤት ጋር የተዋወቁት የየአገሩ ነርሶችና ተማሪዎች በሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ነው። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ትከፍታለች፤ ስለ ቁስል፣ ስለ ሐኪሞች ቁጣ ሲያወሩ ይመሻል። ነርስነት ልትማር ዩኒቨርሲቲ የገባችው እታገኝ ታሾፍባት ነበር።

«በዲፕሎማ የዲግሪ ተማሪ ልታስተምሪ?»

«ማን አስተማረ? እሷ መጽሐፉን ትነግረኛለች፤ እኔ በሽተኛ እንዴት እንደሚያመናጭቅ እነግራታለሁ። አንቺ ነገ አለቃዬ ሆነሽ ትመጫለሽ፤ እስከዚያ ሻይ አፍዪ።»

ፍራሹ ላይ ያለው ስልክ ዝም አለና መልእክት ገባ። እታገኝ እየተረጎመች አነበበችው። «ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። አንቺ ነርስ ነሽ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። አሰልችቼሽ ከሆነም ይገባኛል።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ አቀረቀሩ። «እዚያ ከተማ ሌላ ነርስ የለም?»

እዚያው ቡድን ውስጥ ነበረች። ኡጋንዳዊቷ ሲስተር አኬሎ ኤልዶሬት የሕሙማን ክፍል ኃላፊ ናት፤ ከቡድኑ ተማሪዎች ደፍሮ የሚጽፍላት የለም። እታገኝ ጻፈችላት። መልሱ አልዘገየም፤ «እሄዳለሁ። እናትሽ እንዴት ይሁን ይላሉ?»

«ማለዳ ትሂድ። የልጅቷን ጓደኛ ትያዝ። በር ላይ እንዳትነግራት። ያስቀምጧት፣ ግራና ቀኝ ይያዟት።»

እታገኝ እየጻፈች ትዕግሥቷ አለቀ። «ይህ ሁሉ ለምን? እኔም በስልክ ነው የሰማሁት። ምን ሆንኩ?»

«አጎትሽን ታፈሰን ልኬልሽ የለም እንዴ?»

«መንገድ ላይ ተላለፍን። ከእሱ በፊት አንድ የማላውቀው ሰው ደወለ። ማሻ ልምምድ ላይ ነበርኩ፤ የጀመርኩትን ቁስል አሽጌ ጨረስኩና መኪና ተሳፈርኩ።»

እናቷ ቀና ብለው ፊቷን አዩት።

በማግስቱ ማለዳ ሲስተር አኬሎ በቪዲዮ ደወለች። ቼቤት አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። በራሷ ቋንቋ ታለቅሳለች። ቃሉ የገባው ሰው አልነበረም፤ የድንኳኑ ሴቶች ግን ተቀበሏት፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። እታገኝ ብቻ ደረቅ ፊቷን ይዛ፣ ምስሉ እንዳይናወጥ ስልኩን በሁለት እጇ አቅንታ ቆመች።

ጥሪው ሲያበቃ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ስልኩን ወሰዱባት።

«ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ እንግዳ እየገባ ነው።»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ሐፍሳ በግራዋ ተጠጋች፤ አክስቷ በቀኝ። እናቷ ፊት ለፊቷ ተንበረከኩ።

«እታገኝ፣ ልጄ። እህትሽ ንጋቷ አርፋለች።»

የማውቀውን ምን ትደግሚልኛለሽ ልትል አፏን ከፈተች። እጇ ግን የእናቷን ነጠላ ጫፍ ፈልጎ አገኘና ጠቅልሎ ያዘው።