ጀልባዋን ማን ያወርዳል?

ቨርላ የዘንድሮውን የገደሉን ዕረፍት ማቀድ የጀመረችው በረዶው ገና ከጣሪያ ሳይወርድ ነው። ምግቡን ጨርሳለች፦ በብረት ድስት ፍም ላይ የሚጋገረው ኮክ፣ አይብ የሚገባበት ድንች፣ ለዓሣው የሚሆነው ቅቤ። ማን የትኛው አልጋ ላይ እንደሚተኛ ሳይቀር ወስናለች፤ የሚያንኮራፋ ሁሉ በረንዳ ላይ። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጀልባዋን ማን ውሃ ላይ እንደሚያወርዳት አልታወቀም።

ይህች አንዲት ነገር ደግሞ ሁሉንም ነገር ናት። የሚያርፉባት የእንጨት ጎጆ ያለችው ከሬቨን ገደል ግድብ ሐይቅ ማዶ፣ ከቀዩ ቋጥኝ ሥር ነው። እዚያ መኪና አይደርስም፣ እግርም አይደርስም፤ የሚያደርሰው ጀልባ ብቻ ነው። ጀልባዋን ከሚኖሩበት ከዩታ ጫፍ እስከ ግድቡ በተሳቢ ጎትቶ፣ ከዚያ ተሳቢውን በኋላ ማርሽ ቁልቁል እየገፋ ውሃ ውስጥ የሚያስገባው ባሏ ኦሪን ነበር። ኦሪን ካቻምና ልቡ ድንገት ቆሞ አረፈ። አምና ልጁ ኬንደል "እኔ አለሁ" ብሎ መሪውን ያዘ። ተሳቢው ወደዚህ ሲሉት ወደዚያ እየሄደ፣ በመጨረሻም ዞሮ ከሚጎትተው ፒካፕ መኪና ጎን ጋር ተላተመ፤ የኋላ መብራቱም ረገፈ። ከኋላ የተሰለፉት ክላክሳቸውን አንባረቁት። ጀልባዋን ያወረደላቸው ስሙን እንኳ የማያውቁት መንገደኛ ነው።

ያ ጀልባ የሚወርድበት ቁልቁለት እንዲሁ ቁልቁለት አይምሰላችሁ። ቲያትር ቤት ነው። የአገሩ ሰው ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ በረዶ የሞላበት ለስላሳውን ታቅፎ፣ ጀልባ የሚያወርድ ሰው ጉድ ሲፈላበት ለማየት ከጠዋት ጀምሮ ቦታ ይይዛል። ኬንደል የዚያን ቀን ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማዋል። ስለዚህ አንድ እሑድ፣ ምሳ እየተበላ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማ፣ ዘንድሮ ሆቴል ብንሄድስ? ዋና ገንዳ አለው፣ ቁርስም ይሰጣሉ።"

"ዓሣስ አለው?"

"ምግብ ቤቱ ውስጥ አለ።"

"የተጠበሰ ዓሣ ማጥመድ አልለመድኩም" አለች ቨርላ።

ኬንደል አልሳቀም። ጀልባዋን የሚገዛ ሰው አግኝቷል፤ የጀልባ ወቅት እንደተከፈተ ሊወስዳት ተስማምተዋል። የጎጆዋ ባለቤትም እስከዚያ ድረስ ቁርጡን ካላወቀ በየሐምሌው የሚከራዩትን ሳምንት ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተናግሯል። ቨርላ ሹካዋን አስቀመጠች። ጀልባዋ ከተሸጠች ገደሉም አብሮ እንደሚሸጥ፣ ከዚያ ወዲያ እሷ በገዛ ቤተሰቧ መሃል ተጭና የምትወሰድ ዕቃ እንደምትሆን ወለል ብሎ ታያት። ፈራች። ፍርሃቷ ደግሞ ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ።

"እኔ አወርዳታለሁ" አለች።

"እማ ሙች! ገበያ አዳራሹ ጋ አንዷን ትንሽ መኪና ስታቆሚ እንኳ የሁለት ሰው ቦታ ነው የምትይዢው!"

"ወቅቱ የሚከፈትበት ቅዳሜ። በአንድ ጊዜ፣ ምንም ሳልነካ ካወረድኩ ጎጆዋን ትይዝልኛለህ። ካቃተኝ ጀልባዋን ሽጣት፤ እኔም ገንዳህ ዳር ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እቀባለሁ።"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።"

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባላል። ቨርላ በማግስቱ ይህን አባባል በአካል አገኘችው። ሥራ ቀን ባዶውን በሚውለው የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ፣ የኦሪን እህት ላሩ ባልዲዎች ደርድራ እንደ ጄኔራል ቆመች። ላሩ ለሰው የምታዝነው ካሾፈችበት በኋላ ነው።

"ቀኝ! ቀኝ አልኩሽ! ያንቺን ቀኝ ሳይሆን የሰውን ቀኝ!"

ቋ! አንድ ባልዲ ተጨፈለቀ።

"ወንድሜ እኮ ይህን ሲያደርግ በአንድ እጁ ሳንድዊች ይበላ ነበር" አለች ላሩ።

"እንግዲያው ወንድምሽን ጥሪውና ያውርድልን!"

ከዚያ ላሩ ቀድማ ሳቀች፣ ቨርላም ተከተለቻት፤ ሳቁ መጨረሻው ላይ ለቅሶ ለቅሶ አለ። ዓይናቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ።

እንዲህ ሲሉ ባልዲው አለቀ፤ ላሩ ከቤቷ የልብስ ቅርጫት አመጣች፣ ቅርጫቱም አለቀ። ቨርላ መሪውን ወደ ግራ ስትጠመዝዝ ተሳቢው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ግራ። አንድ ቀን ክንዷ ዝሎ ሁለት እጇ ከመሪው አናት ተንሸራቶ ታች ወረደ። በዚያው ድካም፣ ታች እንደያዘችው እጇን ወደ ግራ ገፋ አደረገች። ተሳቢው ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝ ገፋች፤ ወደ ቀኝ። ቨርላ ፍሬን ያዘችና መስኮቱን ከፍታ ጮኸች፦

"ላሩ! ተሳቢው ይሰማኛል! የምለውን ይሰማኛል!"

"እኔን እንኳ የማይሰማኝ ባል ነበረኝ" አለች ላሩ። "በይ አታውሪ፣ ድገሚው።"

ደገመችው። እስኪሰለቻት ደገመችው።

ያች ቅዳሜ ደረሰች። ግድቡ ዳር ሰው እንደ ጉድ ፈልቷል፤ ወንበሩ ከቁልቁለቱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ነጫጭ ፀጉሯን በኮፍያ ሸፍና ፒካፑ ላይ የተሰየመችውን ቨርላን ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ፊት የሳቡ ነበሩ። ላሩ ከመሃላቸው ተቀምጣለች። ኬንደል ሮጦ ውሃው አፍ ላይ፣ ከተሳቢው ኋላ መሃል ለመሃል ቆመና እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። "ግራ! ግራ! ቀስ! ቀኝ!"

ቨርላ ኋላ ማርሽ አስገባች። በግራው ስፖኪዮ አየች፤ ኬንደል የለም። በቀኙ አየች፤ የለም። መሃል ላይ ያለችው ሰፊ ጀልባ ሙሉ በሙሉ ጋርዳዋለች። ድምፁም ከሞተሩ ጩኸት አላለፈም።

ያኔ ገባት። ኬንደል የቆመው እሷ ለኦሪን ምልክት ልትሰጥ ሠላሳ በጋ ሙሉ የቆመችበት ቦታ ላይ ነው። ሠላሳ በጋ ሙሉ ክንዷ እስኪገነጠል ስታወናጭፍ፣ ኦሪን አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። እራት ላይ ግን ለሰው ሁሉ "ያለ ቨርላ ምልክት ይህችን ጀልባ ማውረድ አልችልም" ይል ነበር!

መጀመሪያ ተናደደች። አንገቱን ብታገኘው ታንቀው ነበር። ቀጥሎ ሳቅ ፈነቀላት፤ ብቻዋን፣ መሪ ላይ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

"አለቀሰች፣ በቃ" አለ አንዱ ባለ ወንበር። ኬንደልም ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ።

ቨርላ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። "ኬንደል! ከዚያ ውጣ! አትታየኝም!"

"ማን ምልክት ይሰጥሻል?"

"ውጣ ብያለሁ!"

ወጣ። ቨርላ እጇን ከመሪው ታች አደረገች። ፍሬኑን ለቀቅ፣ ያዝ። ለቀቅ፣ ያዝ። ተሳቢው በሲሚንቶው ቁልቁለት ላይ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። ጎማው ውሃ ነካ፣ ጠለቀ፤ ጀልባዋ ወዝወዝ አለችና ከተሳቢው ተነስታ ተንሳፈፈች። በአንድ ጊዜ። ምንም ሳትነካ።

ከዚያ ላሩ ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች። "የወንድሜ ሚስት ናት! የኔ ተማሪ ናት!" ያ ሁሉ ለማሾፍ የመጣ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፊቱ በጢም የተሸፈነ ግዙፍ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ፣ "እማማ፣ የኔንም ያወርዱልኛል?" አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ሰውዬው ግን የመኪናውን ቁልፍ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ቨርላ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም፤ አልደበቀችውምም።

ኬንደል እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የጀልባዋን ገመድ አሰረ። ስልኩን አወጣና የጎጆዋ ባለቤት ጋ ደወለ።

"አዎ፣ ያችኑ የሐምሌዋን ሳምንት... ጀልባ አለን፤ አልተሸጠችም።" እናቱን ቀና ብሎ አያት። "ነጂም አለን።"

ስልኩን ዘግቶ፣ ሱሪው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ወደ ፒካፑ መስኮት መጣ። እንደ ልጅነቱ አቀርቅሯል።

"እማ፣ ሐምሌ ላይ ስታወርጂያት እኔ የት ልቁም?"

ቨርላ እጇን ዘርግታ በወዲያኛው በኩል ያለውን በር ከፈተች።

"አትቁም" አለችው። "ግባና ከጎኔ ተቀመጥ።"