ማጽደቅ የሚጠብቅ ማስታወቂያ

ቤዚ የመካኒሳ አቦን እድር ድረ ገጽ እንድትሠራ የተመረጠችው ሙያዋ ታይቶ ብቻ አይደለም። የአባል ልጅ ናት፤ የአባል ልጅ ደግሞ ጀምራ ብትጠፋ እንኳ እናቷ ትያዛለች። ግማሹ እድርተኛ ቤቱ ፈርሶ ወደ ፉሪና ወደ ለቡ ከተበተነ ወዲህ ጥሩምባው የሚሰማው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ለቀሩት ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ በሰባት ሰው ተቀበሩ። እድርተኛው ይህን ሲያነሣ ዛሬም አንገቱን ይደፋል።

በየትኛው ሥርዓት ላይ ትሥራው የሚለው ነገር ቤዚን እንቅልፍ ነሣት። ያወዳደረቻቸው ሦስቱም የድረ ገጽ መሥሪያዎች፣ ጁምላ፣ ወርድፕሬስና ድሩፓል፣ በነጻ የሚገኙ፣ ማንም ውስጣቸውን ከፍቶ የሚያያቸውና የሚያሻሽላቸው ናቸው። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ግዛው ይህን ሲሰሙ፣ “በነጻ? ማነው በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጻድቅ?” ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጠራጥረዋል። ጁምላን ቶሎ ተወችው። ወርድፕሬስ ለጋሽ ግዛው ይመቻቸው ነበር፤ ጽፎ መልቀቅ ነው። ድሩፓል ከበድ ይላል፤ ግን አንድ ጽሑፍ ከጸሐፊ ወደ አጽዳቂ፣ ከአጽዳቂ ወደ ሕዝብ በደረጃ እንዲያልፍ ለማድረግ እሱን የሚያህል አላገኘችም። በእድሩ ደግሞ የሊቀመንበሩ የኦቦ ኮርሳ ማኅተም ያላረፈበት ማስታወቂያ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ድሩፓልን መረጠች። ከራሷም አንድ ነገር ጨመረች፤ ጋሽ ግዛው ጽፈው “ላክ” ሲሉ፣ የማስታወቂያው ርዕስ ወዲያውኑ በኦቦ ኮርሳ ስልክ ላይ በመልእክት ይደርሳል። በዚህች ሥራዋ ልቧ አበጠ። ለሁለቱም ሽማግሌዎች አጠቃቀሙን አስተምራ፣ እሑድ ለጠቅላላ ጉባኤው ልታሳይ ተሰናድታለች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ለቡ መብራት ኃይል ባለችው ጠባብ ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለ ጋሽ ግዛው ደወሉ።

“ቤዚዬ፣ ሸጊቱ አረፈች።”

ወይዘሮ ሸጊቱ የኦቦ ኮርሳ ታናሽ እህት ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው ኦቦ ኮርሳ ናቸው።

“ውይ! ኦቦ ኮርሳ ሰሙ?”

“ኧረ በፍጹም! ጠዋት ሆስፒታል ደርሰው፣ ተሽሏታል ተብለው ነው የተመለሱት። ደም ግፊታቸውን ታውቂ የለ? ቤት ውስጥ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። ነገ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ከነዳኜ ጋር ሄደን እናረዳቸዋለን። እኔ እስከዚያው ማስታወቂያውን ባሳየሽኝ ላይ ጽፌ ጨርሻለሁ። ለነገ ግን የምክትሉ የጀማሉዲን ማኅተም ይሁን፤ እንዴት ነው የማደርገው?”

ቤዚ ከወንበሯ ተነሣች።

“ጋሼ... ‘ላክ’ የሚለውን ተጭነውታል?”

“አዎ፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ። ምነው?”

“ምንም። እኔ አስተካክለዋለሁ” ብላ ዘጋች።

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ማልዶ ይሄዳል፣ አጠገብ ይቀመጣል፣ እጅ ይይዛል። እሷ ግን መርዶውን በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን ለተቀመጠ በሽተኛ፣ ኪሱ ድረስ ልካዋለች። ልደውል እንዴ አለች፤ ብትደውል ስልኩን አንሥተው መልእክቱን ያያሉ። ልተወው እንዴ አለች፤ አሁንም ያያሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተላከ መልእክትም እንደዚያው። ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች።

ታክሲው ውስጥ፣ ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ ቢሆን፣ መነጽራቸውን የሆነ ቦታ ረስተው ቢሆን እያለች ተመኘች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ጸለየች። ኦቦ ኮርሳ የሚኖሩበት ፉሪ ስትደርስ ከባጃጁ ዘልላ ወረደች።

ኦቦ ኮርሳ ከድሮ እርሻቸው በቀራቸው ቁራሽ መሬት ላይ፣ ከጎመኑ መደብ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸው ጭናቸው ላይ ነው።

“ቤዚ! ምን እግር ጣለሽ?”

“ለእሑድ... ሙከራ ሳደርግ፣ በስህተት አንድ መልእክት ልኬልዎት ነበር። ላጥፋልዎት ብዬ ነው።”

ሽማግሌው ስልኩን ከጭናቸው አንሥተው ዘረጉላት።

“ግዛው የአባቷን ስም ረስቷል” አሉ ቀስ ብለው። “‘የኦቦ ኮርሳ እህት’ ብሎ ተወው። አባቷ በንቲ ነው። እንዳስተማርሽኝ ‘ይስተካከል’ ብዬ ልመልስለት ነበር፤ ብመልስ ግን ማየቴን ያውቃል። አንቺው አስገቢው።”

ቤዚ እግራቸው ሥር ተዘረጋች። “እኔ ነኝ ያረዳሁዎት! ይቅር ይበሉኝ!”

“ተይ፣ ጎረቤት ይሰማል። ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?”

“ነገ፣ ጎህ ሲቀድ።”

“እንግዲያው ይምጡ። እኔ አልሰማሁም። ግዛው በእጁ መሆኑን ካወቀ እስኪሞት ራሱን ሲረግም ይኖራል።”

“ብቻዎን እንዴት ያድራሉ?”

“መድኃኒቴን ውጫለሁ። ሂጂ፣ ልጄ።”

ሄደች። የአባትየውን ስም አስገባች። ከኮሚቴው ማንኛውም ሰው ማጽደቅ እንዲችል አደረገች። ከዚያ ወዲያ የሚላከው መልእክትም የሟች ስም እንዳይኖረው፣ “ለጸሐፊው ይደውሉ” ብቻ እንዲል ለወጠችው። ኩራቷ ግን የት እንደገባ አላወቀችም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጁ ላይ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ኦቦ ኮርሳ ለእነሱ ብለው ያስመስላሉ ብላ እየፈራች ጠበቀች፤ ባይሳካላቸውስ፣ ጋሽ ግዛው ቢነቁስ? የጋሽ ግዛው ድምፅ፣ “ኮርሳ፣ ወንድሜ፣ እጅህን ስጠኝ” ሲል ተሰማ።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ቤዚ እንዲህ ያለ የወንድ ለቅሶ ሰምታ አታውቅም። ማስመሰል አልነበረም። ሰውየው ከትናንት ጀምሮ አላለቀሱም ነበር፤ እጃቸውን የሚይዝ ሰው እስኪመጣ እየጠበቁ ነበር።