የአሰፋች ልጅ

ገብረዮሐንስ ስልኩን እንደ ጧፍ ከፊቱ ይዞ በአንድ የፒያሳ ፔንሲዮን ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ቀስ እያለ ሲራመድ፣ ስልኩ እጁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነዘረ። ባለበት ቆመ።

"ምነው ጋሼ፣ ዋይፋዩ ነከሰዎት እንዴ?" አለ ከኋላው የሚከተለው የፔንሲዮኑ ባለቤት ሉልሰገድ።

ስልኩ ላይ በአካባቢው ያሉ ኔትወርኮች ስም ተደርድሯል፤ የካፌው፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የወርቅ ቤቶቹ። ከሁሉ ግርጌ "የአሰፋች ልጅ" የሚል ስም ብቅ ብሏል።

አሰፋች ሚስቱ ናት። ልጇ ደግሞ መሓሪ፣ ከቤት ከወጣ ዓመት ያለፈው አንድ ልጃቸው።

ገብረዮሐንስ ይህን የዋይፋይ ጥገና ሙያ የለመደው ማንም ሳያስተምረው፣ ጸጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ስልኩ ላይ የጫነው ፕሮግራም በአየር ላይ ያለውን ኔትወርክ ሁሉ ያሳየዋል። ሲግናሉ የትኛው ግድግዳ ጋ እንደሚደክም፣ የየትኛው ጎረቤት መስመር ከደንበኛው ጋር እንደሚጋጭ፣ ማን ሳይፈቀድለት ተደብቆ እንደሚጠቀም የሚያውቀው በሱ ነው። ስም አይቶ ጎረቤቱን ሌባ ለማለት የሚቸኩል ደንበኛ ሲገጥመው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራል፤ "ይሄ የሚያሳየን ዕቃውን ነው፣ ሰውየውን አይደለም።"

በኪስ የምትያዘውን ትንሽ የኢንተርኔት ዕቃ ለመሓሪ የገዛለት ራሱ ነበር። ልጁ እናቱን ለማሳቅ ብሎ "የአሰፋች ልጅ" ብሎ ሰየማት። "የኔስ አይደለህም?" ብሎት ነበር ያን ዕለት። ተሳሳቁ። ኋላ ግን መሓሪ በእግርም ቢሆን ከአገር እወጣለሁ አለ፤ አባት ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻም "ከወጣህ አትመለስ" የምትል ቃል ከአፉ አመለጠችው። አምና በየካቲት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ልጁ ሄደ።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ገብረዮሐንስ ከጊዮርጊስ ተሳልሞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ያቺ ስም ስልኩ ላይ ታየች። መንገዱን ሳይሻገር ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት፣ ልጃችን አልተሰደደም፣ ከተማው ውስጥ ሆኖ አባቱን ነው የሸሸው ብለው አመኑ። ስሙ በታየ ቁጥር ስልኩ እንዲነዝር አደረገው። አሰፋች በየማታው "ዛሬስ ታየ?" ትለዋለች። "አልታየም" ይላታል። ዛሬ ያልታየ ነገ ሊታይ ይችላልና በዚያው ያድራሉ።

ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሉልሰገድ ከላይ ሆኖ ሥራውን ጥሎ ወዴት እንደሚሸሽ ጠየቀው፤ አልሰማውም። ዕቃውን በቀረቡት መጠን ስልኩ ላይ ያለው የሲግናል ቁጥር ይቀንሳል። ሰማንያ የነበረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰባ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ሃምሳ ስምንት ሆነ። በየእርከኑ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ፣ መሀል ላይ እያቋረጠ የሚለውን ያጠናል። "ልጄ፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ አላለም።" ምድር ቤት ካለችው የልብስ ሱቅ በር ሲደርስ ቁጥሩ አርባ ገባ፤ ስልኩም መሓሪ ድሮ የሰጠውን የይለፍ ቃል አልረሳም ነበርና ሳይነካው ራሱ ተገናኘ።

ሱቁ ውስጥ ያለችው አንዲት ሒጃብ የለበሰች ሴት ብቻ ናት። ባንኮኒው ላይ ቀሚስ ዘርግታ ፎቶ ታነሳለች። ከመስተዋቱ ሥር ያቺ ትንሽ ዕቃ ሶኬት ላይ ተሰክታለች፤ የተሰነጠቀ ጥጓ ገብረዮሐንስ ራሱ በለጠፈው ፕላስተር እንደታሰረ ነው።

"ምን ልታዘዝ አባቴ?"

"ይቺን ዕቃ ከየት አገኘሻት፣ ልጄ?"

ሴትየዋ፣ አስማ ነው ስሟ፣ ፊቷ ተለዋወጠ። "ገዝቼ ነው። ደረሰኝ ባይኖረኝም የሌባ አልገዛሁም።"

"አላልኩሽም። መቼ እንደገዛሻት ብቻ ንገሪኝ።"

አምና፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው አለችው። የሱቁ መስመር ሲቋረጥባት ብቻ ነው የምታበራት። ሐሙስ ጠዋት አንድ ቦርሳ ያዘለ ወጣት ገብቶ ሸጠላት፤ የሰጠችውን ተቀበለ፣ አልተከራከረም። ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቀው "መተማ" አላት።

"ስሙን ሳየው፣ እናትህ አሰፋች ናት እንዴ ብዬ ቀለድኩበት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ።"

ገብረዮሐንስ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ያን እሑድ ስሟ ስልኩ ላይ የታየው ዕቃዋ በዚች ሱቅ ውስጥ ሆና ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚስቱ "አልታየም" ሲላት፣ ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን ከከተማው ወጥቶ ነበር። ለደንበኛ ሁሉ ሲናገረው የኖረውን አንድ ነገር ለራሱ ሳይነግረው ቀረ።

አስማ ነገሩ ገባትና ዕቃዋን ነቅላ ዘረጋችለት። "ይውሰዷት አባቴ። ካልሆነም ስሙን አሁኑኑ እቀይረዋለሁ።"

አልተቀበላትም። መርዶ ቢሆን ወግ አለው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል፣ አብሮ ይለቀሳል። ሞቷል ያለው ሰው የለም፤ በሕይወት አለ ያለውም የለም። ይሄ እንዴት ነው የሚነገረው?

ስልኩ ጠራ። አሰፋች ናት፤ ለራት ምን ይዞ እንደሚመጣ ነገረችውና እንደ ልማዷ ጠየቀችው።

"ዛሬስ ታየ?"

"አልታየም" የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። ዋጣት።

"ነገ በማለዳ አብረን ፒያሳ እንወጣለን፣ አሰፋች። ነጠላሽን አዘጋጂ።"

"በማለዳ?" አለች። "መርዶ ነው?"

"አይደለም። በስልክ የማይነገር ነገር ነው። አብረን እንስማው።"

ስልኩን ዘግቶ ዕቃዋን ከአስማ እጅ ወሰደ። ሶኬቱ ላይ መልሶ ሰካት፤ መብራቷ እስኪበራ ጠበቀ።

"ለኔ የነገርሽኝን ለእናቱም ትነግሪያታለሽ" አላት። "ሳቀ ያልሽውን እንዳታስቀሪው። ስሙን ግን እስከ ነገ አትንኪው፤ ምን እንደሚሆን እሷ ትወስን።"